«ኢኮሊጂ ካጃባቩ»፦ የአንድ ጋዜጣ አሳታሚ ድርሻ በተበተኑ ሰነዶች ውስጥ

በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ አሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በቲዩሜ ወንዝ ዳር ያለው የፎርት ሄር ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የተሰጠው መደበኛ ስም «የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ኮሌጅ» ነበር። የኮሳ ቋንቋ ተናጋሪው ሕዝብ ግን ለረጅም ጊዜ «ኢኮሊጂ ካጃባቩ» ማለትም የጃባቩ ኮሌጅ ይለው ነበር። መሬቱን የሰጠው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሩን የከፈቱት ነጭ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው፤ የመጀመሪያው ርእሰ መምህርም ስኮትላንዳዊ ነበሩ። ጆን ቴንጎ ጃባቩ ደግሞ ርእሰ መምህርም መሬት ሰጪም ያልነበሩ፣ በኪንግ ዊሊያምስ ታውን ከተማ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሚያሳትሙ ፖለቲከኛ ነበሩ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂላችን በብዙ ቦታ ይሠራል። በዚህ ጉዳይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። የጃባቩን ድርሻ በግልጽ ይዞ የቆየው የሕዝቡ ቃል ሲሆን፣ ስለ ኮሌጁ ምሥረታ የተከማቸው ጽሑፍ እሳቸውን ከዳር ያስቀምጣቸዋል። ይህ ጥናት የሚመረምረው ይህን ልዩነት ነው። ሰነዶቹ የት እንደሚገኙ፣ ማን እንዳከማቻቸው፣ እያንዳንዱ ክምችት ለምን ያንኑ ታሪክ በተለያየ መልክ እንደሚነግረን፣ እና የአሳታሚው ወረቀት ከየት ተለቅሞ መነበብ እንዳለበት ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አሳታሚው

ጃባቩ በ1859 በሂልድታውን አካባቢ ከመፌንጉ ወገን፣ የሜቶዲስት እምነት ተከታይ ከሆነ ቤተሰብ ተወለዱ። በሂልድታውን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው የመምህርነት የምስክር ወረቀት ካገኙ በኋላ ሶመርሴት ኢስት ትባል በነበረች ከተማ ሲያስተምሩ፣ ጎን ለጎን በአካባቢው ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ሙያውን ተለማመዱ። በ1881 በአሊስ አጠገብ የነበረው የስኮትላንዶች የላቭዴል ሚሲዮን በኮሳ ቋንቋ የሚያሳትመው «ኢሲጊዲሚ ሳማኮሳ» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኑ፤ በ1883 የመልቀቂያ ፈተናውን አለፉ። ይህን ፈተና በአገሪቱ ካለፉት ጥቁሮች ሁለተኛው እንደ ነበሩ ይነገራል።

የላቭዴል ሥራ ግን ገደብ ነበረው። ጋዜጣው የሚሲዮን ንብረት በመሆኑ አዘጋጁ በምርጫ ፖለቲካ ውስጥ እንደ ልባቸው መጻፍ አይችሉም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በ1884 ለጄምስ ሮዝ ኢነስ የምርጫ ዘመቻ የጥቁር መራጮችን ድምፅ በማሰባሰብ ፖለቲካውን ቀምሰውት ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን፣ በ25 ዓመታቸው፣ «ኢምቮ ዛባንትሱንዱ» ማለትም የጥቁር ሕዝብ አስተያየት የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ በኪንግ ዊሊያምስ ታውን አወጡ። ጋዜጣው በደቡብ አፍሪካ በጥቁር ባለቤትነት የታተመ የመጀመሪያው ነው። ገንዘቡን በመደገፍ የረዷቸው ጠበቃው ሪቻርድ ሮዝ ኢነስና ነጋዴው ጄምስ ዊር ነበሩ። ከጃባቩ ወንዶች ልጆች አንዱ ሪቻርድ ሮዝ ኢነስ፣ ሌላው ዊልሰን ዊር የሚል ስም ይዘዋል። ይህን የስም ዝርዝር ያየ ሰው ጋዜጣው በእኚህ ሰው ቤት ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደ ነበረው ለመገመት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ስለ ኮሌጁ ለመናገር ስለ ምርጫው መናገር ግድ ይላል። በኬፕ ቅኝ ግዛት የመምረጥ መብት በቆዳ ቀለም ሳይሆን በንብረትና በገቢ የሚለካ ስለ ነበር፣ በተወሰኑ የምርጫ ክልሎች የጥቁሮች ድምፅ ውጤቱን የመወሰን አቅም ነበረው። በ1887 የወጣው የመራጮች ምዝገባ ሕግ በጋራ ይዞታ ያለ መሬት ለመራጭነት እንዳይቆጠር በማድረጉ ኮሳዎቹ «ቱንጉምሎሞ» አሉት፤ አፍ መስፋት ማለት ነው። በ1892 በቅኝ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሴሲል ሮድስ ዘመን የወጣው ሕግ ደግሞ የንብረቱን መለኪያ ከ25 ወደ 75 ፓውንድ ከፍ አድርጎ፣ መራጩ ስሙን፣ አድራሻውንና ሥራውን በራሱ እጅ መጻፍ እንዲችል ጠየቀ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ትምህርት ከምርጫ ካርድ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም። የሚሲዮን ወረቀቶች ኮሌጁን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይና ለመምህር ማፍሪያ አድርገው ሲያነሡት፣ የጋዜጣው ገጾች ከዜግነት መብት ጋር አያይዘው የሚያነሡት ከዚህ የተነሣ ነው። በእኔ ግምት በሁለቱ ክምችቶች መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ማኅደሮቹ የት ናቸው?

የኮሌጁን ምሥረታ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የላቭዴልን ክምችት ነው። በቀድሞ ስሟ ግራሃምስታውን፣ በዛሬው ማካንዳ በምትባለው ከተማ፣ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ የኮሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። የላቭዴል መሪ የነበሩት የዶክተር ጄምስ ስቱዋርት የግል ወረቀቶች ደግሞ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሚሲዮን ጽሕፈት ቤት ነው፤ የገባ ደብዳቤ ይመዘገባል፣ የወጣ ደብዳቤ ቅጂ ይቀራል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ሰው ቢሞት ጽሕፈት ቤቱ አይሞትም። ስለዚህ የምሥረታው ታሪክ ሲጻፍ የመጀመሪያው ረቂቅ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ቆመ፤ በወረቀቶቹ ላይ ፊርማቸው የበዛ ሰዎችም በታሪኩ ውስጥ በዙ።

ሁለተኛው የመንግሥት ክምችት ነው። በ1903 ተቋቁሞ በ1905 ሥራውን የጨረሰው፣ ሰር ጎድፍሬይ ላግደን የመሩት የደቡብ አፍሪካ የተወላጆች ጉዳይ ኮሚሽን ባለ ብዙ ቅጽ ዘገባ የቃል ምስክርነቶችን ጭምር ይዞ ታትሟል።

ሦስተኛው የጃባቩ ራሳቸው መሆን ነበረበት። በፕሪቶሪያ በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭር ስሙ ዩኒሳ፣ የጃባቩን ስም የያዘ ክምችት አለ፤ ነገር ግን በዋናነት የሚመለከተው አባትየውን ሳይሆን ልጃቸውን ዳቪድሰን ዶን ቴንጎ ጃባቩን ነው። የአባትየው ደብዳቤዎች የሚገኙት በተቀበሏቸው ሰዎች ወረቀት ውስጥ ነው። የኬፕ ፖለቲከኞች የነበሩት የጆን ሜሪማንና የዊሊያም ፊሊፕ ሽራይነር ክምችቶች በኬፕ ታውን በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የጃባቩን የፖለቲካ ደብዳቤ የሚፈልግ እዚያ ይሄዳል። ይህ አቀማመጥ ትልቅ መዘዝ አለው። አንድ ሰው የጻፈው ደብዳቤ በተቀባዩ ፋይል ውስጥ ብቻ ሲገኝ፣ ሰውየው በታሪክ የሚታየው ሁልጊዜ ሲጠይቅ፣ ሲያሳስብ ወይም ሲያመሰግን ነው፤ ለእሱ የተጻፈው መልስ፣ እሱን ሲለምኑ የነበሩ ሰዎች ቃል፣ በገዛ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ረቂቅ አብሮ አይታይም። በአካባቢው ብዙዎች ምክር የሚጠይቁት ሰው ለሌሎች ደጅ የሚጠና ሆኖ ይቀርባል።

አራተኛው ጋዜጣው ነው። የኢምቮ ቅጂዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው በተለያዩ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከእነዚህ አራት ክምችቶች ውስጥ ለአሳታሚው የግል ማኅደር የሚቀርበው ይህ አራተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጋዜጣውን እንደ መረጃ ምንጭ ብቻ ሳይሆን እንደ ሰውየው ፋይል ካላነበብነው ጉዳዩ አይፈታም። በማይክሮፊልም ማንበቢያው ላይ የጠበቡ ዓምዶች በኮሳና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ሁለቱ የአንዱ ነገር ትርጉም ናቸው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ግን ይሳሳታል። እንግሊዝኛው ለነጭ አንባቢ፣ ለፓርላማ አባልና ለመንግሥት ሹም የተጻፈ ነው፤ ኮሳው ደግሞ አንድ ቅጂ ገዝቶ ለመንደሩ ጮክ ብሎ ለሚያነበው መምህርና ሰባኪ ነው። በእንግሊዝኛው ብቻ ተመሥርቶ የተጻፈ ታሪክ የጃባቩን ዓምድ ግማሽ ብቻ አይቷል ማለት ነው። በአገራችንም የታሪክ ተማሪ የጋዜጣን ርእሰ አንቀጽ አንብቦ የአንባቢ ደብዳቤንና ማስታወቂያን ሲዘል ተመሳሳይ ጉድለት ይፈጠራል።

በዚህ ፋይል መካከል ደግሞ ክፍተት አለ። በአንግሎ ቦር ጦርነት ጊዜ ጃባቩ ጦርነቱን በመቃወማቸው ወታደራዊው አስተዳደር ኢምቮን ከኦገስት 1901 እስከ ኦክቶበር 1902 ዘጋው። ከ1 ዓመት በላይ ጋዜጣ የለም። ይህ ጊዜ የኮሌጁ ሐሳብ በተቀናቃኝ ወገን መልክ እየያዘ የነበረበት ወቅት መሆኑን ወደ ታች እናያለን፤ በፊልሙ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የጃባቩ ዝምታ ሳይሆን የታሸገ ማተሚያ ቤት ምልክት ነው።

በ1901 ገደማ የሆነ አንድ የቤተሰብ ጉዳይም ከዚህ ጋር መነሣት አለበት። ጃባቩ የበኩር ልጃቸውን ዳቪድሰንን በሚኖሩባት ከተማ በዴል ኮሌጅ ለማስገባት ቢጠይቁ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ። ልጁ ወደ ዌልስ፣ ወደ ኮልዊን ቤይ ተላከ፤ በኋላም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1912 ተመረቀ። ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ውስጥ ጋዜጣ የሚያሳትም፣ በምርጫ ሚኒስትሮች የሚፈልጉት ሰው ልጁን በዚያው ከተማ ማስተማር ካልቻለ፣ የኮሌጁ ጉዳይ ለእሱ የጉባኤ አጀንዳ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

በላቭዴል የሆነው

የላግደን ኮሚሽን በ1905 ባቀረበው ዘገባ ለጥቁሮች ማዕከላዊ ኮሌጅ እንዲቋቋምና ግዛቶቹ በጋራ እንዲደግፉት ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ከተለያዩ ግዛቶች የተውጣጡ ልዑካን በላቭዴል ጉባኤ ተጠሩ። ሐሳቡን ለረጅም ጊዜ ሲያራምዱ የቆዩት ስቱዋርት ግን ጉባኤውን አላዩም፤ ዲሴምበር 21 አረፉ፣ በገና ዕለትም ከላቭዴል ማዶ ባለው የሳንዲሌ ኮረብታ ላይ ተቀበሩ። ልዑካኑ የደረሱት አፈሩ ሳይደርቅ ነው። ከመቃብሩ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው፣ በ1847 በእንግሊዝ ጦር የተሠራው የፎርት ሄር ምሽግ ፍርስራሽ ይታያል፤ ኮሌጁ ከ10 ዓመት በኋላ የቆመው እዚያው ላይ ነው። የስቱዋርት ሞትና የጉባኤው መገጣጠም በላቭዴል ወረቀቶች ላይ ለነገሩ ሁሉ የመታሰቢያ መልክ ሰጠው፤ ኮሌጁ የሟቹ ኑዛዜ ሆኖ ተነገረ።

ከጉባኤው በኋላ የነበረው ሥራ ግን የኑዛዜ ሥራ አልነበረም፤ የእግር ሥራ ነበር። ገንዘብ መሰብሰብ፣ የመንደር አለቆችን ማሳመን፣ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ከግዛት ግዛት መዞር ነበር። ይህን ካከናወኑት ዋነኞቹ የላቭዴሉ መምህር ሆባርት ሆቶንና ጃባቩ ናቸው። ሆቶን ጽሕፈት ቤት ነበራቸው፤ ጃባቩ ጋዜጣ። ጃባቩ በአንድ መንደር የተናገሩት በሚቀጥለው ሳምንት ታትሞ ሌላው መንደር ይደርሳል፤ ያዋጣ ሰው አዋጥቷል ተብሎ ሲታተም ያላዋጣው ያያል። የትራንስካይ ግዛቶች አጠቃላይ ምክር ቤት 10,000 ፓውንድ መስጠቱን የተረዳ ሰው፣ ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ከጥቁር ግብር ከፋዮች የመጣ መሆኑን ልብ ማለት አለበት። በተለመደው አተራረክ «ሚሲዮኖቹ መሠረቱት» የሚባለው ኮሌጅ በብዙ ክፍሉ ገበሬው የከፈለበት ነው፤ ገበሬውም «የጃባቩ ኮሌጅ» ያለው ገንዘቡን ስጥ ብሎ የጠየቀውን ሰው ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

«ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል

በእነዚህ ማኅደሮች ውስጥ የሚሠራ የእኛ አገር ሰው የሚደነቅበት አንድ ነገር አለ። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በ1890ዎቹና በ1900ዎቹ መጀመሪያ በወጡ የደቡብ አፍሪካ ወረቀቶች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስለ አገራችን አይደለም። በ1892 በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ወጥተው የመሠረቱት ማኅበር «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ተባለ፤ ስሙ የተወሰደው «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ሲሆን፣ ከዓድዋ ድል በአራት ዓመት ይቀድማል። በ1896 ይህ ማኅበር በአሜሪካ ካለው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደ፤ በዚሁ መንገድ ወጣቶች ኦሃዮ ወደሚገኘው ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሌሎች የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች መሄድ ጀመሩ። በ1898 ደግሞ ፓምባኒ ምዚምባ የተባሉት ቄስ ከስኮትላንዱ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ከላቭዴል ደጃፍ የራሳቸውን ጉባኤ አቆሙ።

በመንግሥትና በሚሲዮን ፋይሎች ላይ ይህ ሁሉ «ኢትዮጵያኒዝም» በሚል አንድ ርእስ ሥር ተጠቃልሎ እንደ ሥጋት ተመዝግቧል። የላግደን ኮሚሽን ማዕከላዊ ኮሌጅ እንዲኖር ከመከረባቸው ምክንያቶች አንዱ ወጣቶቹ ወደ አሜሪካ ሄደው «አደገኛ» የተባለ ሐሳብ ይዘው እንዳይመለሱ ነው። ስለዚህ የአገራችን ስም ሳናውቀው በፎርት ሄር መሠረት ውስጥ ተቀምጧል፤ ኮሌጁን እንዲፈቅዱ ሹሞቹን የገፋፋቸው አንዱ ፍርሃት ይህን ስም ይዞ የሚመጣ ነፃነት ነበር። ጃባቩ ራሳቸው ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አልወጡም፤ ሆኖም የሹሞቹን ፍርሃት ለኮሌጁ ጥቅም ማዋል ለአንድ የምርጫ ፖለቲከኛ አዲስ ጥበብ አልነበረም።

ተቀናቃኙ ውጥን

ኢምቮን ብቻ ያነበበ ሰው ጥቁሮች ሁሉ ከአንድ ውጥን ጀርባ እንደ ተሰለፉ ያምናል። ይህ እውነት አይደለም። በ1897 በኢስት ለንደን «ኢዝዊ ላባንቱ»፣ የሕዝብ ድምፅ፣ የተባለ ጋዜጣ ተነሣ፤ ከጀርባው እነ ዋልተር ሩቡሳናና አለን ሶጋ ነበሩ፣ ገንዘብ ካገኙባቸው አንዱም ሮድስ ነበር። ጃባቩ በ1898 ወደ አፍሪካነር ቦንድ፣ ማለትም ወደ ደች ዘር ሰፋሪዎች ፓርቲ፣ እና ወዳጆቹ ሲያዘነብሉ፣ ኢዝዊ ከተቃራኒው ወገን ቆመ። ከኢዝዊ ጋር የተቆራኘው የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ኮንግረስ በንግሥት ቪክቶሪያ መታሰቢያነት የሚቆም፣ በሚሲዮኖች እጅ የማይሆን፣ የራሱን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። የላቭዴሉ ጉባኤ ውጥን ሲነሣ የዚህ ወገን ሰዎች፣ ኮሌጁ ላቭዴል አጠገብ ከቆመ የላቭዴል ጭራ ይሆናል ብለው ተጠራጠሩ። ጥርጣሬያቸው መሠረት አልነበረውም ለማለት አልደፍርም።

እዚህ ላይ ለመዝገብ ሠራተኛ የሚጠቅም አንድ ጥንቃቄ አለ። «የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ኮሌጅ» እና «የደቡብ አፍሪካ ተወላጆች ኮንግረስ» በእንግሊዝኛ ሲያጥሩ ሁለቱም «ኤስ.ኤ.ኤን.ሲ.» ይሆናሉ። አንዱ ጃባቩ የደከሙለት ተቋም ነው፤ ሌላው የተቃወማቸው ማኅበር። ፋይሉን ከፍቶ ሳያነብ በሽፋኑ ምህጻረ ቃል ብቻ የሚመዘግብ ሠራተኛ የሁለት ተቀናቃኞችን ገንዘብ፣ አባላትና ቃለ ጉባኤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀላቅል ይችላል፤ በኮምፒውተር የሚፈልግም እንዲሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀኑን፣ የተጻፈበትን ከተማና የፈረመውን ሰው አይቶ ሙሉውን ስም መጻፍ። ኪንግ ዊሊያምስ ታውንና ላቭዴል ከሆነ ወደ አንዱ፣ ኢስት ለንደን ከሆነ ወደ ሌላው ያመለክታል።

ኢዝዊ በ1909 ሲዘጋ የጃባቩ ድምፅ ብቻውን ቀረ። ማኅደሩም እንዲሁ አንድ ወገን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኮሌጁ የሚቀርበው የተቃውሞ ጽሑፍ የሚሳሳው ተቃውሞው ስለጠፋ ሳይሆን የሚያትመው ስላልነበረ ነው።

የ1913 ጥላ

ጃባቩ በዚያው በ1909፣ የአዲሲቱ ደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን ከፓርላማ ማግለሉን ለመቃወም፣ ከሽራይነር፣ ከሩቡሳናና ከአብዱላህ አብዱራህማን ጋር ለንደን ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም። በ1911 በለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘሮች ጉባኤ ተገኙ። በ1913 ግን ጥቁሮች ከተከለለላቸው ቦታ ውጭ መሬት እንዳይገዙ ያገደውን የተወላጆች መሬት ሕግ ደገፉ፤ ሕጉን ያቀረቡት ሚኒስትር የረጅም ዘመን ወዳጃቸው ያዕቆብ ሳወር ነበሩ። ይህን ድጋፍ ለማቃለል የሚያስችል ምክንያት አላገኘሁም። ሕዝባቸውን የጎዳ፣ የራሳቸውንም ስም የሰበረ ስሕተት ነው። በ1914 ለኬፕ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ከሩቡሳና ጋር ተፎካክረው የጥቁሮችን ድምፅ ሲከፍሉ፣ በመካከል ነጩ ተወዳዳሪ አሸነፈ። ሩቡሳና በ1910 ያገኙት፣ ለጥቁር ሰው የመጀመሪያው የሆነው መቀመጫ ጠፋ።

ይህ ለኮሌጁ ማኅደር ለምን ያገባዋል? ምክንያቱም ከ1913 በኋላ የተጻፉት የፖለቲካ ትዝታዎች ጃባቩን በዚህ ስሕተት ይለኳቸዋል፤ ኮሌጁ ደግሞ የተከፈተው በ1916 ነው። የመክፈቻው ወረቀቶች የተዘጋጁት ስማቸው በአዲሱ የፖለቲካ ትውልድ ዘንድ በወደቀበት ሰዓት ነው። ሚሲዮኖቹ የጃባቩን ድርሻ ማጉላት አላስፈለጋቸውም፤ አዲሶቹ ብሔርተኞች ማጉላት አልፈለጉም። በሁለቱ መካከል የአሳታሚው የ10 ዓመት ልፋት ወደ ግርጌ ወረደ።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1916 ጠቅላይ ሚኒስትር ሉዊ ቦታ መጥተው ኮሌጁን ከፈቱ። ተማሪዎቹ 20 ነበሩ፤ አብዛኞቹም ገና ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ ናቸው። ትምህርቱ የተጀመረው በምሽጉ ቦታ ላይ በነበሩ ጥቂት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ነው። መምህራኑ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ ርእሰ መምህሩ አሌክሳንደር ከር፣ ሁለተኛው በዴል ኮሌጅ በር የተመለሰው ዳቪድሰን ዶን ቴንጎ ጃባቩ ነበሩ። በኪንግ ዊሊያምስ ታውን መማሪያ ክፍል የተነፈገው ልጅ በአሊስ ማስተማሪያ ክፍል አገኘ። ዜ. ኬ. ማቲውስ በ1923 የኮሌጁ የመጀመሪያ የቢ.ኤ. ተመራቂ ሆኑ፤ ከእሳቸው በኋላ ኦሊቨር ታምቦ፣ ኔልሰን ማንዴላ፣ ሮበርት ሶቡክዌና ሴሬትሴ ካማ በዚያ በር አልፈዋል።

ለመዝገብ ሥራው

የጃባቩን ድርሻ ለመመለስ አዲስ ሰነድ መገኘት አለበት የሚል ተስፋ በተመራማሪዎች ዘንድ ይሰማል። እኔ ከዚያ ይልቅ ያሉትን ሰነዶች አገላለጽ ማረም ይቀድማል እላለሁ። በላቭዴል ክምችት ዝርዝር ላይ ከጉባኤው ጋር የተያያዘው እያንዳንዱ ፋይል የኢምቮን ተመሳሳይ ሳምንት እትም ቁጥር አብሮ ቢይዝ፣ በሜሪማንና በሽራይነር ክምችቶች ውስጥ ያሉት የጃባቩ ደብዳቤዎች በጸሐፊው ስም አንድ የጋራ ዝርዝር ቢወጣላቸው፣ የኮሳው ዓምድ ለእንግሊዝኛው ተገዥ ሳይሆን ራሱን ችሎ ቢመዘገብ፣ የአሳታሚው ማኅደር ከተበተነበት ሳይነሣ ይሰበሰባል። ሳጥን ከከተማ ወደ ከተማ ማጓጓዝ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ክምችት በባለቤቱ እጅ ይቆያል።

የማያስቸኩል ሥራም አይደለም። ኤፕሪል 18 ቀን 2021 ከተራራው የወረደ እሳት በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገርን የንባብ አዳራሽ አቃጠለው፤ የታተሙ የአፍሪካ መጻሕፍት ስብስብ በአንድ ቀን ወደመ፤ ከመሬት በታች በነበሩት ክፍሎች የተቀመጡ ብዙ ሰነዶች ግን በውኃ ቢነኩም ተርፈዋል። የአንድ ሰው ደብዳቤዎች በአምስት ሕንፃ ተበትነው ሲኖሩ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል፤ ነገር ግን በየትኛው ሕንፃ ምን እንደ ነበረ አስቀድሞ ያልተጻፈ ከሆነ ምን እንደ ጠፋ እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ጃባቩ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1921 በፎርት ሄር፣ በልጃቸው ቤት አረፉ፤ እስከዚያ ዕለት ድረስ የኮሌጁ የአስተዳደር ምክር ቤት አባል ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ዳቪድሰን የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። ያተመው አባትየው በ25 ዓመታቸው ጥለውት የወጡት የላቭዴል ማተሚያ ቤት ነው። ኢምቮ ወደ ሌላው ልጃቸው ወደ አሌክሳንደር ማኮሌይ ተላለፈ፤ ፕሪቶሪያ ያሉትን ሳጥኖች የሚከፍት ተመራማሪም ዛሬ ድረስ አባትየውን የሚፈልገው በልጅየው ወረቀቶች መካከል ነው።